ዩቲዩብ እየሠራ የባንኩ ገጽ ለምን አይከፈትም?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ብሮድባንድ ኢንተርኔት በጋዜጣም ሆነ በየስብሰባው የሚነሣው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል፤ አንደኛው የመስመር መቋረጥ፣ ሁለተኛው የፍጥነት ማነስ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ስለ መሆናቸው የሚከራከር የለም። እኔ ግን በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ላይ የተሠማራሁ ባለሙያ እንደ መሆኔ፣ ከሁለቱም ያልሆነ፣ ነገር ግን በሁለቱም ስም እየተጠራ ደንበኛውን ላልተገባ ወጪ የሚዳርግ ሦስተኛ ችግር መኖሩን ለአንባቢዎችዎ ለማስረዳት፣ አገልግሎት ሰጪዎችንና የድረ ገጽ ባለቤቶችንም ጥቂት ነገር ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ችግሩ መረጃ ተከፋፍሎ በሚጓዝበት በፓኬት መጠን ላይ የሚፈጠር አለመጣጣም ነው።

ምልክቱ ግራ የሚያጋባ ነው። መስመሩ አልተቋረጠም፤ የሞደሙ መብራቶች እንደ ወትሮው በርተዋል፤ የፍጥነት መለኪያው የተከፈለበትን ያህል ያሳያል፤ ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ ይጫወታል። የአንድ ባንክ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲጠየቅ ግን አሳሹ በመገናኘት ላይ እንደ ሆነ ይሽከረከርና በመጨረሻ ገጹን ማግኘት እንዳልቻለ ይናገራል። አጭር ኢሜይል ይሄዳል፤ ፋይል የተያያዘበት ኢሜይል ግን መላኪያ ሳጥን ውስጥ ተገትሮ ይቀራል። ዋና መሥሪያ ቤቱን ከቅርንጫፉ ጋር በሚያገናኘው ቪ.ፒ.ኤን. (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል ዋሻ) ላይ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ያለ ችግር ይገባል፤ ረዘም ያለ ሪፖርት ሲጠይቅ ግን ስክሪኑ ባለበት ይደርቃል። ከሁሉ የሚገርመው ያው ድረ ገጽ በስልክ ዳታ ሲሞከር ወዲያውኑ መከፈቱ ነው።

ደንበኛው በዚህ ጊዜ ወደ ጥሪ ማዕከል ይደውላል። የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «መስመሩ ከእኛ በኩል ጤነኛ ነው፣ ሌላ ገጽ ይሞክሩ» ይባላል። ሌላ ገጽ ሲሞከር ደግሞ በእርግጥም ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ምክር ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት፣ ቀጥሎ ሞደሙን መቀየር፣ እርሱም ካልሆነ ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ማደግ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግም የማይከፈተው ገጽ አይከፈትም፤ ምክንያቱም ችግሩ በሰኮንድ ከሚያልፈው የመረጃ ብዛት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መልሱን የሚሰጡትን ወጣት ሠራተኞች መውቀስ አልፈልግም፤ ፊታቸው ያለው የጥያቄ ዝርዝር ይህን ጉዳይ እንዲያዩት አያደርጋቸውም።

መነሻውን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉት ኩባንያዎች በ1980 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት የኢተርኔት (በአንድ ቤት ወይም ቢሮ ያሉ ኮምፒዩተሮችን የሚያገናኝ የኔትወርክ ዓይነት) ደረጃ መሠረት፣ አንድ የኢተርኔት ፍሬም፣ ማለትም መረጃው ተጠቅልሎ የሚላክበት ጥቅል፣ በሆዱ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው መረጃ 1500 ባይት ነው። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ አልተለወጠም ማለት ይቻላል፤ በቤታችንም ሆነ በቢሯችን ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ኔትወርክ ላይ ሲሰካ «1500 ባይት መላክና መቀበል እችላለሁ» ብሎ ይነሣል። ባለሙያዎች ይህን ከፍተኛ መጠን ኤም.ቲ.ዩ. ይሉታል። ከ1500 ባይቱ ውስጥ 20ው ፓኬቱን ወደ አድራሻው ለሚያደርሰው አይ.ፒ.፣ 20ው ደግሞ መረጃው ሳይጎድል መድረሱን ለሚከታተለው ቲ.ሲ.ፒ. አድራሻና መቆጣጠሪያ ስለሚውሉ ለመረጃው የሚቀረው 1460 ባይት ነው፤ ይህኛው ኤም.ኤስ.ኤስ. ይባላል። ሁለት ኮምፒዩተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ እያንዳንዳቸው ሊቀበሉ የሚችሉትን ኤም.ኤስ.ኤስ. ለሌላው ይናገራሉ፤ ሌላውም ከዚያ በላይ አድርጎ አይልክም።

ብሮድባንድ ሲመጣ ግን በመካከል አንድ ተጨማሪ ሽፋን ገባ። ደንበኛው በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል እንዲለይ ለማድረግ ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች የሚጠቀሙበት ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ. የተባለው አሠራር በየካቲት ወር 1999 እ.ኤ.አ. በሰነድ ወጥቷል። ይህ አሠራር በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 6 ባይት የራሱን፣ 2 ባይት ደግሞ በውስጡ የሚሠራበትን የፒ.ፒ.ፒ. የተባለ የግንኙነት ደንብ መለያ ይጨምራል። በመሆኑም በኢተርኔቱ 1500 ባይት ውስጥ ለአይ.ፒ. ፓኬቱ የሚተርፈው 1492 ባይት ብቻ ነው። በመዳብ ገመድ የሚመጣው የዲ.ኤስ.ኤል. መስመር ብቻ ሳይሆን ብዙ የፋይበር መስመሮችም በዚሁ አሠራር ስለሚሠሩ «እኔ ፋይበር ነው ያስገባሁት» የሚል ደንበኛ ከችግሩ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የደብዳቤዬ ጉዳይ በሙሉ የሚነሣው ከእነዚህ 8 ባይቶች ነው።

ኮምፒዩተሩ 1500 የሚያልፍ መስሎታል፤ መስመሩ የሚያሳልፈው 1492 ነው። ይህ ራሱ ገዳይ ችግር አልነበረም፤ ጄፍሪ ሞጉልና ስቲቭ ዲሪንግ በኅዳር 1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት አሠራር መፍትሔ ተበጅቶለታል። በዚህ አሠራር መሠረት ላኪው በፓኬቱ ላይ «አትከፋፍሉ» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ በመንገድ ላይ ያለ ራውተር (ፓኬት አስተላላፊ መሣሪያ) ፓኬቱ ከቀጣዩ መስመር የሚበልጥ ሆኖ ሲያገኘው ይጥለውና ለላኪው በአይ.ሲ.ኤም.ፒ. (ስለ መንገዱ ሁኔታ መልእክት የሚላክበት፣ ፒንግ የተባለው መሞከሪያም የሚሠራበት አሠራር) አንድ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ዓይነት 3 ኮድ 4 የሚባለው ሲሆን ይዘቱም «ፓኬቱ መከፋፈል ነበረበት፣ ቀጣዩ መስመር የሚያሳልፈው ይህን ያህል ነው» የሚል ነው። ላኪው ይህን ሰምቶ መጠኑን ያስተካክልና ሥራው ይቀጥላል። ጭነቱ ከፍ ያለ አይሱዙ ዝቅ ባለ ድልድይ ሥር ማለፍ ሲያቅተው የድልድዩ ተቆጣጣሪ ለላኪው ድርጅት «በዚህ ልክ ጭናችሁ ላኩ» ብሎ ወረቀት እንደሚልክ ያለ ነው። የድርጅቱ ዘበኛ ወረቀት አምጪውን ከበር ከመለሰው ግን ድርጅቱ ያንኑ ከፍታ ያለው መኪና ደጋግሞ መላኩን ይቀጥላል፤ ዕቃውም አይደርስም፣ ለምን እንዳልደረሰም የሚያውቅ አይኖርም።

በብዙ ድርጅቶች በር ላይ ያለው ፋየርዎል እንዲህ ያለ ዘበኛ ነው። አይ.ሲ.ኤም.ፒ. በሙሉ እንዲታገድ ይደረጋል፤ በዚህም የተነሣ የመጠን ማስተካከያው መልእክት ድረ ገጹን ለሚያቀርበው አገልጋይ ኮምፒዩተር አይደርስም። ባለሙያዎች ይህን ፓኬት ያለ ምልክት የሚጠፋበትን ሁኔታ ብላክ ሆል (ጥቁር ጉድጓድ) ይሉታል። አዲስ ግኝት እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል፣ በመስከረም ወር 2000 እ.ኤ.አ. በወጣ የኢንተርኔት የቴክኒክ ሰነድ ላይ በዝርዝር ተገልጾ ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈው በሽታ ዛሬም «ገጹ አይሠራም» እየተባለ ይታለፋል።

አንዳንድ ነገር እየሠራ ሌላው የማይሠራበት ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል። የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ጥያቄና መልሱ ብዙውን ጊዜ ትናንሽ ናቸው፤ ግንኙነት የሚከፍቱት የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶችም እንዲሁ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በደኅና ይጀመራል። ከዚያ ቀጥሎ አገልጋዩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ሰርተፍኬት ይልካል፤ ይህ ሰነድ ከነአያያዦቹ በጥቂት ሺህ ባይት የሚቆጠር ስለሆነ አገልጋዩ እስከ አፉ በተሞሉ ባለ 1500 ባይት ፓኬቶች ይልከዋል። እነዚያ ፓኬቶች መስመሩ መግቢያ ላይ ይወድቃሉ። ዩቲዩብን የመሰሉ ትልልቅ አገልግሎቶች በበኩላቸው ኩዊክ በተባለው አዲስ አሠራር ሲሠሩ የሚነሡት ከ1200 ባይት አካባቢ ነው፤ የሚጨምሩትም መንገዱ እንደሚያሳልፍ ፈትነው ካረጋገጡ በኋላ ነው። እንግዲህ ዩቲዩብ መሥራቱ መስመሩ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ማለት ነው፤ የጥሪ ማዕከሎቻችን ግን እንደ ዋና ማስረጃ ያቀርቡታል።

በቅርብ ዓመታት ነገሩን ያባባሰ አንድ ሌላ ለውጥም አለ። አሳሾች ወደ ፊት በኳንተም ኮምፒዩተር እንዳይሰበር ታስቦ የተሠራ የምስጢር ቁልፍ ልውውጥ መጠቀም ጀምረዋል፤ ክሮም በ2024 እ.ኤ.አ. በመደበኛነት አስገብቶታል። የአዲሱ ቁልፍ አንድ ክፍል ብቻውን 1184 ባይት ስለሚይዝ፣ ድሮ በአንድ ትንሽ ፓኬት ያልቅ የነበረው የአሳሹ የመጀመሪያ ሰላምታ ዛሬ ከአንድ ፓኬት ይተርፋል። ቀድሞ ችግሩ አገልጋዩ ሲመልስ ብቻ ይታይ ነበር፤ አሁን ከደንበኛው በኩል በሚወጣው የመጀመሪያ መልእክት ላይ ሳይቀር ሊታይ ይችላል።

በሥራ ካጋጠሙኝ መካከል አንዱን ልጥቀስ፤ የድርጅቶቹን ስም ማንሣት አያስፈልግም። ለሌሎች ድርጅቶች ሒሳብ የሚሠራና ግብር በኦንላይን የሚያሳውቅ አንድ ቢሮ፣ ሞደሙን ድልድይ (መስመሩን እንዲሁ የሚያሳልፍ ብቻ) አድርጎ ከጀርባው የራሱን ራውተር ያስገባል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሠራተኞቹ ከሚጠቀሙባቸው ገጾች ውስጥ የተወሰኑት አልከፈት ይላሉ። አገልግሎት ሰጪው መስመሩን ለክቶ ጉድለት አጣበት፤ ልክ ነበር፣ መስመሩ ጉድለት አልነበረውም። ቢሮው ፍጥነቱን አሳደገ፤ ምንም አልተለወጠም። የማሳወቂያው ጊዜ ሲቃረብ ሠራተኞቹ በየስልካቸው ዳታ እየከፈቱ በራሳቸው ገንዘብ መሥራት ጀምረው ነበር። ሲታይ የቀድሞው ሞደም ኤም.ኤስ.ኤስ.ን በራሱ ጊዜ ያስተካክል ነበር፤ አዲሱ ራውተር ላይ ግን ይህን የሚያዘው ትእዛዝ አልገባም። አንድ ቅንብር ተጨምሮ ገጾቹ በሙሉ ተከፈቱ። ቢሮው ለጨመረው ፍጥነት ግን ወርኃዊውን ክፍያ እየከፈለ ነው፤ ከውል መልስ ዝቅ ማለት ቀላል አይደለምና።

ምርመራው ከባድ አይደለም፤ ማንኛውም ኮምፒዩተር ውስጥ ባለው ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ይሠራል። በመጀመሪያ ለፒንግ መልስ የሚሰጥ አንድ የሩቅ አድራሻ ተመርጦ በትንሽ ፓኬት ይሞከራል፤ ይህ ካልመለሰ ቀጣዩ ሙከራ ትርጉም የለውም። ከዚያ «አትከፋፍሉ» የሚለው ምልክት ታክሎ መጠኑ ይጨመራል። በዊንዶውስ ላይ ፒንግ ከተጻፈ በኋላ ሰረዝ ኤፍ፣ ቀጥሎ ሰረዝ ኤል፣ ከእርሱም ቀጥሎ 1472 የሚለው ቁጥር፣ በመጨረሻም አድራሻው ይገባል። 1472 የሆነበት ምክንያት 20 ባይት የአይ.ፒ. እና 8 ባይት የአይ.ሲ.ኤም.ፒ. መግቢያ (ከመረጃው ፊት የሚቀመጠው የአድራሻና የመቆጣጠሪያ ክፍል) ሲጨመርበት 1500 ስለሚሆን ነው። 1472 አላልፍ ብሎ 1464 ካለፈ፣ ልዩነቱ 8 ባይት መሆኑ መስመሩ ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ. ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ከ1392 በላይ አላልፍ ካለ ደግሞ በመካከል ዋየርጋርድን የመሰለ፣ ፓኬቱን 1420 ላይ የሚያቆም የቪ.ፒ.ኤን. ዋሻ መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የዊንዶውስና የሊኑክስ ፒንግ የሚቆጥሩት መረጃውን ብቻ ሲሆን፣ የሚክሮቲክና የሲስኮ ራውተሮች ግን መግቢያውን ጨምረው የፓኬቱን ጠቅላላ መጠን ይቆጥራሉ። በአንዱ 1472 የተባለው በሌላው 1500 ነው። ይህን ሳይለዩ ሁለት ባለሙያዎች በስልክ ቁጥር ሲቀባበሉና «በእኔ በኩል 1492 ያልፋል»፣ «በእኔ በኩል አያልፍም» ሲባባሉ መስማት የተለመደ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የምርመራው ውጤት እንዴት እንደሚነበብም ቁም ነገር አለው። ፓኬቱ ትልቅ በመሆኑ መከፋፈል እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ መልስ ከመጣ፣ ቢያንስ በወጪው አቅጣጫ ተቆጣጣሪው ሥራውን እየሠራ፣ ወረቀቱም እየደረሰ ነው። ትንሹ እያለፈ ትልቁ ያለ አንዳች መልስ ከጠፋ ግን ብላክ ሆሉ በዚያው አቅጣጫ አለ። ሆኖም ፒንግ የሚያሳየው ከእኛ የሚወጣውን መንገድ ሲሆን፣ አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው ከአገልጋዩ ወደ እኛ በሚመጣው ላይ ነው። ይህን ለመለየት የሚበጀው የአንዱን ኮምፒዩተር ኤም.ቲ.ዩ. ለጊዜው ወደ 1400 ዝቅ አድርጎ እምቢ ያለውን ገጽ እንደ ገና መሞከር ነው። ኮምፒዩተሩ ለአገልጋዩ የሚናገረው ኤም.ኤስ.ኤስ. ከዚያው ጋር ስለሚወርድ፣ የመጠን ችግር ከነበረ ገጹ ወዲያውኑ ይከፈታል። ካልተከፈተ ምክንያቱ ሌላ ነውና ፍለጋውን ወደ ሌላ ማዞር ነው።

ከመስመር ብልሽት ጋር እንዳይምታታም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተጎዳ የመዳብ ገመድም ከትንሹ ይልቅ ትልቁን ፓኬት ይጥላል፤ ረጅሙ ፓኬት በሁከት የመመታት ዕድሉ ሰፊ ነውና። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በገመዱ ብልሽት ጊዜ መጥፋቱ መጠኑ እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ከ1000 ባይት ጥቂቱ ይጠፋል፣ ከ1400 ባይት ብዙው ይጠፋል፣ ያም ሆኖ አልፎ አልፎ ይደርሳል። በመጠን ችግር ጊዜ ድንበሩ እንደ ምላጭ ስለት ነው፤ 1464 ሁልጊዜ ያልፋል፣ 1465 አንድም ጊዜ አያልፍም። የመጀመሪያውን የሚያየው የገመድ ጠጋኝ፣ ሁለተኛውን የሚያየው የራውተር ባለሙያ ሊሆን ይገባል። ያለዚህ ልየታ ቴክኒሻን እየላኩ ምሰሶ ላይ ማውጣት የሰውም የገንዘብም ብክነት ነው።

መፍትሔው በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ መዞር አይደለም፤ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ማስተካከያውን ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። መስተካከል ያለበት ራውተሩ ነው። ራውተሩ ግንኙነት ከፋች ፓኬቶች በእጁ ሲያልፉ በውስጣቸው የተጻፈውን 1460 የሚለውን ኤም.ኤስ.ኤስ. ወደ 1452 እንዲያወርድ ይታዘዛል፤ 1492 ላይ 40 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሚክሮቲክም፣ ሲስኮም፣ በሊኑክስ ላይ የተሠሩ ራውተሮችም ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ አላቸው፤ ርካሽ የቤት ሞደሞች ላይ ሳይቀር ብዙ ጊዜ በአንድ ሳጥን ምልክት ይበራል። ከዚያ በኋላ የሩቁ አገልጋይ ፋየርዎል ምንም ቢያግድ አያሳስብም፤ ከመጀመሪያውም ትልቅ ፓኬት አይልክምና።

«ፓኬቱ ሲያንስ ፍጥነት አይቀንስም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከደንበኞች ዘወትር ይቀርብልኛል። ሒሳቡ ይህ ነው። ባለ 1500 ባይት ፓኬት 97.3 በመቶው ንጹሕ መረጃ ነው። 1492 ላይ ሲወርድም በአንድ አሃዝ ሲጠጋጋ ያው 97.3 በመቶ ነው። 1400 ላይ እንኳ 97.1 በመቶ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የሚቀንሰውን ፍጥነት በዓይን የሚያየው ሰው የለም። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ ጭራሽ 576 ላይ የሚያወርድ ጠጋኝም አጋጥሞኛል፤ እዚያ ላይ ድርሻው ወደ 93 በመቶ ይወርዳል፤ ራውተሩም ለአንድ ዓይነት መረጃ ከእጥፍ በላይ የሆነ የፓኬት ብዛት እንዲያስተናግድ ይገደዳል። ልኩን ሳይመረምሩ እንዲሁ ማውረድ ጥገና አይባልም።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ለቲ.ሲ.ፒ. ብቻ መሆኑንም ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ከቲ.ሲ.ፒ. ሌላ በሆነው፣ ዩ.ዲ.ፒ. በተባለው የመላኪያ አሠራር የሚሠሩ አገልግሎቶች፣ ለምሳሌ ብዙ የቪ.ፒ.ኤን. ዓይነቶች፣ ኤም.ኤስ.ኤስ. የሚባል ነገር ስለሌላቸው መጠናቸው በራሳቸው ቅንብር ላይ መስተካከል አለበት። የስም መፈለጊያው ዲ.ኤን.ኤስ.ም አንዳንድ ጊዜ ረጅም መልስ ይልካል፤ ለዚህም የዘርፉ ባለሙያዎች በ2020 እ.ኤ.አ. መልሱ ከ1232 ባይት እንዳይበልጥ መክረዋል። «አትከፋፍሉ» የሚለውን ምልክት ከፓኬቱ ላይ አጥፍቶ ራውተሩ እንዲቆራርጠው ማድረግን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡም አሉ። ይህ የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን ነው የምመርጠው፤ ከቁራጮቹ አንዱ ቢጠፋ ሙሉው ፓኬት ይጠፋል፤ ከሁለተኛው ቁራጭ ጀምሮም የፖርት ቁጥር (ፓኬቱ የየትኛው አገልግሎት እንደ ሆነ የሚለየው) ስለማይኖር ብዙ ፋየርዎሎች ይጥሉታል።

አሁን ወደ ዋናው ወቀሳዬ እመጣለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የአይ.ሲ.ቲ. ክፍሎች አይ.ሲ.ኤም.ፒ.ን በሙሉ የሚያግዱት ለደኅንነት ብለው ነው። ልማዱ በከፊል የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከተስፋፋውና የሞት ፒንግ ከተባለው ጥቃት ነው፤ ተቆራርጦ የተላከ ፒንግ ሲገጣጠም ከ65,535 ባይት በልጦ ኮምፒዩተሩን ያወድቀው ነበር። ያ ቀዳዳ በስርዓተ ክወናዎቹ ላይ ከተደፈነ ዘመን አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን ከአንዱ የኔትወርክ ኃላፊ ወደ ሌላው እየተላለፈ ዛሬም አለ። ፒንግን ማገድ ከፈለጉ ያግዱ፤ መብታቸው ነው። ዓይነት 3 ኮድ 4 ግን ፒንግ አይደለም። እርሱን ማገድ ማንንም አጥቂ አያቆምም፤ የሚያቆመው በፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ. መስመር የሚመጣውን ሕጋዊ ደንበኛ ነው። ለሕዝብ አገልግሎት ድረ ገጽ ከፍቶ ከሕዝቡ መካከል የተወሰነውን ሳያውቁ በር ላይ መመለስ እንዴት ደኅንነት ሊባል እንደሚችል አይገባኝም።

ወደ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር፣ ወደ አይ.ፒ. ስሪት 6 ስንሸጋገር ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ያስከፍላል። በአዲሱ ስሪት በመንገድ ላይ ያለ ራውተር ፓኬት መቆራረጥ ፈጽሞ አይፈቀድለትም፤ «ፓኬቱ ከልክ በላይ ነው» የሚለውን መልእክት መላክ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ይህ መልእክት ከታገደ ከ1280 ባይት በላይ በሆነ ፓኬት ላይ ዋስትና የለም። በግንቦት ወር 2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋየርዎል አሠራር መመሪያ ይህን መልእክት መጣል እንደማይገባ በግልጽ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለደንበኛ የሚሰጡት ሞደም ከመጋዘን ሲወጣ የኤም.ኤስ.ኤስ. ማስተካከያው በርቶ ይውጣ፤ በራሳቸው በኩል ባለው የደንበኛ መቀበያ መሣሪያ ላይም ይህንኑ ያድርጉ፤ የራሱን ራውተር ለሚያስገባ ድርጅትም መስመሩ 1492 እንደሚያሳልፍ ከተጠቃሚ ስሙና ከይለፍ ቃሉ ጋር በጽሑፍ ይስጡት። አቅም ካላቸው ደግሞ ችግሩን ከሥሩ መንቀል ይችላሉ። ከመስከረም 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ. ሙሉውን 1500 እንዲያሳልፍ የሚያደርግ የተጻፈ አሠራር አለ፤ የሚጠይቀው ከደንበኛው ሞደም እስከ መቀበያው ድረስ ያሉት መሣሪያዎች 1508 ባይት የሚይዝ ፍሬም እንዲያሳልፉ ነው። የጥሪ ማዕከሉ የጥያቄ ዝርዝር ላይም «የተወሰኑ ገጾች ብቻ ናቸው የማይከፈቱት? በስልክ ዳታ ይከፈታሉ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩና መልሱ «አዎ» ሲሆን የማደጊያ ጥቅል ከመሸጥ በፊት የፒንጉ ሙከራ ቢሠራ ብዙ ደንበኛ ይድናል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የአገልግሎት ጥራት ሲመዘን ፍጥነትንና መቆራረጥን ብቻ ሳይሆን፣ ሙሉ መጠን ያለው ፓኬት ከደንበኛው ቤት ተነሥቶ መድረስ አለመድረሱን፣ ካልደረሰም ትክክለኛው የማስተካከያ መልእክት መመለስ አለመመለሱን ቢያስለካ መልካም ነው። ልኬቱ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ፍጥነት የሚለካው ያው ኮምፒዩተር ይበቃዋል።

ለአንባቢዎችዎ የምለው፣ ፍጥነቱ ደኅና ሆኖ ጥቂት ገጾች ብቻ እምቢ ካሏችሁ የማደጊያ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ከላይ የገለጽኩትን ሙከራ አሠሩ፤ ውጤቱን ከነቁጥሩ ጽፋችሁ ለአገልግሎት ሰጪያችሁ አቅርቡ። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ለሚል አቤቱታ መልሱ «ከእኛ በኩል ይሠራል» ነው፤ «1464 ያልፋል፣ 1465 አያልፍም» ለሚል አቤቱታ ግን ጉዳዩን ወደ ቴክኒክ ክፍል ከማስተላለፍ በቀር ሌላ መልስ መስጠት ይቸግራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ